የሲራራውን መንገድ በፔዳል፦ ከደሴ እስከ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የብስክሌት ጉዞ ሲመዘን

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ ለሚሄድ ሰው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ የሚያልቅ መንገድ ነው፤ በብስክሌት ታሪኩን እያነሱ ለሚሄዱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ያስኬዳል። እዚህ የምንመዝነው ጉዞውን እንዳለ ነው፦ የኪራዩን ብስክሌት፣ አስጎብኚውን፣ መንገዱንና ማቆሚያዎቹን፣ ሐይቁ ዳር የሚቀርበውን ምሳ፣ ወደ ደሴ መመለሻውን።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። መንገዱ እጅግ ጥሩ ነው። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ የዘጠኝ መቶ፣ የሺህ ዓመት ታሪክ ተደራርቦ ይገኛል፤ የብስክሌት ፍጥነት ደግሞ ለዚህ ልክ ነው። አገልግሎቱ ግን ለመንገዱ ገና አልደረሰም። ዋናው ጉድለቱ ጉዞው «ሐይቁን ማየት» ተብሎ መቅረቡ ነው። ሰው ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ውሃውን ፎቶ አንስቶ፣ አሳ በልቶ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ያለው የታሪክ ቦታ ቦሩ ሜዳ ይዘለላል፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ቢበዛ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ይሆናል። ከዚህ በታች የምንጽፈው ይህ እንዳይሆን ነው።

መጀመሪያ መንገዱ ለምን ጥንታዊ እንደሚባል። የዛሬው አስፋልት ከአዲስ አበባ በደሴና በወልዲያ አድርጎ ወደ ትግራይ የሚያልፈው ዋና መንገድ ነው፤ በመኪና መንገድነት የተያዘውም በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ግን በዚሁ አቅጣጫ የሲራራ ነጋዴ በአህያ፣ በበቅሎና በአጋሰስ ሲመላለስበት ኖሯል። በመካከለኛው ዘመን ከዘይላ ወደብ በይፋት አድርጎ ወደ ላስታና ወደ ሰሜን የሚያቀናው ንግድ የሐይቅን አካባቢ ይነካ ነበር። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ ደጋው የሚዘልቀው በእንዲህ ያሉ መንገዶች ነው፤ አሞሌው ደግሞ ለምግብ ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብ የሚገበያዩበት ነበር። ቆላና ደጋ የሚገናኙበት ገበያ ዛሬም በሕይወት አለ፤ የባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን እስካሁን አንድ ሜዳ ላይ ያውላል።

የእግር መንገዱና አስፋልቱ አንድ አይደሉም። የጫነ በቅሎ አጭሩን ይመርጣል፤ ስለዚህ አሮጌው መንገድ ጥምዝምዙን እየቆረጠ በቀጥታ ይወርዳል፣ በቀጥታም ይወጣል። አስፋልቱ መኪና እንዲችለው ተራራውን እየዞረ ይሄዳል። ብስክሌተኛ በዋናነት በአስፋልቱ መሄድ አለበት። አቋራጮቹን መሞከር የሚፈልግ በበጋ፣ አፈሩ ሲደርቅ፣ ጎማው ወፍራም ሲሆንና ብስክሌቱን ለመግፋት ዝግጁ ከሆነ ብቻ ይግባ። ዝናብ ከነካው ዋልካው ጎማና ፍሬን መሃል ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ጎማው መዞር ያቆማል፤ ያኔ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከመሄድ ሌላ አማራጭ የለም።

ወደ ብስክሌቱ እንምጣ። ብዙው ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ሐይቅ ከተማ ወደ 2,030 ሜትር ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ሲሄዱ ፍሬን፣ ሲመለሱ ማርሽ ይፈተናል። ኮርሳ (የእሽቅድምድም ብስክሌት) ለዚህ መንገድ አይመከርም፤ ጎማው ቀጭን ነው፤ ማርሹም ለመልሱ አቀበት ይከብዳል። ፊኒክስ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ማርሽ የሌለው ፊኒክስ መልሱን ሙሉ በሙሉ የግፊ ጉዞ ያደርገዋል። የሚሻለው ማውንቴን ነው፤ ከፊት ትንሹ ጥርስ 22 ወይም 24፣ ከኋላ ትልቁ ቢያንስ 32 የሆነ። ጥርሱን መቁጠር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ አከራዩ «ባለ 21 ማርሽ ነው» ቢል የማርሹ ብዛት ስለ አቀበቱ የሚነግረው ነገር የለም።

ከኪራይ ቤቱ ሳይወጡ መታየት ያለበትን በቅደም ተከተል እንናገር። የፍሬኑን እጀታ እስከ መጨረሻው ጨብጡ፤ እጀታው ማኑብሪዮውን (መሪውን) ከነካ ካቦው ላልቷል ወይም የፍሬን ጎማው አልቋል። ሙሉ በሙሉ ተጨብጦም ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መቅረት አለበት። የፍሬን ጎማው ላይ ያሉት ቦዮች ጠፍተው ፊቱ ልሙጥ ከሆነ ይቀየር። የፍሬን ጎማው ቸርኬውን ብቻ መንከስ አለበት፤ ከፍ ብሎ ጎማውን ከነካ በረጅሙ ቁልቁለት ላይ ጎኑን ቀድዶ ከመነዳሪውን (የውስጥ ጎማውን) ያፈነዳዋል። ይህ ስህተት በኪራይ ብስክሌት ላይ ዘወትር የሚታይ ነው፤ ለማስተካከል ግን አንዲት ብሎን መፍታትና ማጥበቅ በቂ ነው። ባለ ዲስክ ከሆነ የፍሬን ሸራው ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር በታች መውረድ የለበትም፤ ዲስኩን ዘይት በነካው ጣት አትንኩት።

ቀጥሎ የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁ። መሪው ሥር «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ኩሽኔታው ላልቷል፤ በፍጥነት ሲወርዱ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ በፍሬን ጎማዎቹ መሃል ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ ራጂዎቹ (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) ላልተዋል። ካቴናውን በማስመሪያ ለኩ፤ ከአንድ ፒን ጀምሮ እስከ 24ኛው የሚቀጥለው ፒን ድረስ አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.7 ካለፈ ያረጀ ነው፤ አቀበት ላይ ከቆሙበት ሲረግጡት ጥርስ እየዘለለ ጉልበት ያስመታል። ኮርቻው ደግሞ ፔዳሉ ታች ሲሆን ጉልበት ትንሽ እስኪታጠፍ ድረስ ከፍ ይበል። ዝቅ ያለ ኮርቻ ለከተማ ይመቻል፤ ለ28 ኪሎ ሜትር መንገድ ግን ጉልበት ይገላል።

ጎማው 1.9 ወይም 2.1 ኢንች ቢሆን ጥሩ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከፊት 35፣ ከኋላ 40 ፒ.ኤስ.አይ የአየር ግፊት ይበቃዋል። ጎሚስታ ጋ የሚነፋ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ይነፋል፤ ድንጋይ እስኪመስል የተነፋ ጎማ ጠጠር ላይ ይንሸራተታል። ወደ ሐይቅ ሲወርዱ ግራር አለ፤ እሾሁ የብስክሌት ጠላት ነው። ከመንገድ ዳር ስትቆሙ ብስክሌቱን በሣር ላይ አታንከባልሉ፤ ተሸክማችሁ አስቀምጡት። መያዝ ያለበት፦ አንድ ትርፍ ከመነዳሪ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ ማስቲሽ፣ ልጣፊ፣ የአሸዋ ወረቀት፣ መንፊያ። ሲለጥፉ የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ማስቲሹ እርጥብ እያለ ልጣፊውን ይጭኑታል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቆ፣ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ ሲሆን ነው የሚጫነው። ሁለተኛ፣ ከመነዳሪውን ለጥፈው እሾሁን ጎማው ውስጥ ይተዉታል። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ዳብሱ፤ ጨርቁ የተያዘበት ቦታ እሾሁ አለ።

ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር። የመልሱ አቀበት ላይ ጥላ ያለው ቦታ ጥቂት ነው።

ደሴን ሳያዩ መነሳት አይገባም። የከተማዋ ስም ከአፄ ዮሐንስ ጋር ይያያዛል፤ በ1870ዎቹ እዚህ ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጭራ ያለው ኮከብ አይተው «ደሴ» ብለው እንደሰየሟት ይነገራል። ደሴን የወሎ ዋና ከተማ ያደረጓት ግን በኋላ ንጉሥ የሆኑት ሚካኤል ናቸው። በ1906 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ አባታቸውን የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርገው ያነገሧቸው እዚሁ ነው። አይጠየፍ የሚባለው የግብር አዳራሻቸው ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ ማንንም አይጠየፍም፣ ገብቶ የማይበላ የለም ማለት ነው። የቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የሆነው የከተማዋ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም ጦርነት ጉዳት ስለደረሰበት ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንዳለና መቼ እንደሚከፈት ጠይቁ።

አስጎብኚዎች የማያነሱት አንድ ነገር አለ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመትቷል። ኅዳር 26 የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባት የአቡነ ኢየሱስ ሞአ በዓል ነው። ደሴና ሐይቅ ያን ቀን በአንድ ቀን መቁጠሪያ ላይ የተገናኙት እንዲህ ነው። ጉዞው እዚህ ቢጀመርና እዚያ ቢያልቅ ታሪኩ ራሱ ክርና መርፌ ይሆናል።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መነሳት ይሻላል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሚኒባሱ፣ ባጃጁና ከባድ መኪናው መንገዱን ይሞላዋል። ጭጋግ ካለ ግን እስኪገለጥ ጠብቁ፤ ከደሴ በላይ ያለው ጦሳ ተራራ ራሱን ካልገለጠ መንገዱም አልተገለጠም። ደማቅ ልብስና የኋላ ቀይ መብራት ግዴታ ነው፤ ከባድ መኪና ከኋላ ሲመጣ ጫፉን ይዞ መሄድ እንጂ ከመኪናው ጋር መሽቀዳደም አይታሰብ።

ቦሩ ሜዳ። ከደሴ በስተሰሜን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። እዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት መቆም አለበት፤ የዚህ ጉዞ ልብ እዚህ ነው። በ1870 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ አራተኛ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት በዚህ ሜዳ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ሲያከራክር የኖረው የልደታት ክርክር፣ ማለትም የክርስቶስ ልደት ስንት ነው የሚለው፣ ለተዋሕዶ ተፈረደ፤ ሦስት ልደት የሚሉት ተሸነፉ። በዚያው ወቅት ሁለቱ የወሎ መሪዎች ተጠመቁ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ዮሐንስን የክርስትና አባት አድርገው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ኢማም አባ ዋጠው ደግሞ ምኒልክን የክርስትና አባት አድርገው ኃይለ ማርያም ተባሉ።

አስጎብኚ ሲመዘን መመዘኛው ይህ ሜዳ ነው። ብዙዎቹ የሚናገሩት ጉባኤውንና ጥምቀቱን ነው፤ እዚያ ላይ ያቆማሉ። ነገር ግን ታሪኩ አላበቃም። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲቀበል ታዘዘ። ብዙው ሕዝብ አልተቀበለም፤ አንዳንዱ ቀዬውን ለቆ ተሰደደ፣ አንዳንዱ አመፀ። ከአመፁ መሪዎች ጎልቶ የሚታወቀው ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር ነው፤ ዓሊምም የጦር መሪም ነበር። የመንዙማው፣ የታወቁት የሙስሊም የትምህርትና የዝየራ ቦታዎች የጀማ ንጉሥና የዳና ወሎ ያን ፈተና አልፎ የቀረ ወሎ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ የአንዱን ወገን ብቻ የሚተርክ አስጎብኚ የመንገዱን ግማሽ ይዘላል። ከመቅጠራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ምን ሆነ?» መልሱ ከተጠማቂዎቹ ስም ካላለፈ ሌላ ፈልጉ። ጥሩ አስጎብኚ ሁለቱንም ሳያለዝብና ሳያጋንን ይናገራል፤ እንዲህ ያሉ አሉ፤ ብዙዎቹም በዕድሜ ጠና ያሉ ናቸው።

አንድ ነገር ሳናነሳ አንለፍ። የመንገድ ዳር ስሞችን ማንበብ ለሚያውቅ መንገዱ ራሱ መጽሐፍ ነው። «ወረ» በኦሮምኛ «ወራ»፣ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን ማለት ነው፤ ወረ ኢሉ፣ ወረ ባቦ፣ ወረ ሂመኖ የሚሉት ስሞች በ16ኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያ በኋላ የሰፈረውን ሕዝብ ያሳያሉ። ከዚያ በፊት ይህ አገር ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ በስተሰሜን አንጎት ይዋሰነዋል። አድዋ ሲዘመት በ1888 ዓ.ም «ወረ ኢሉ ከተህ ላግኝህ» ተብሎ በታወጀው አዋጅ የተጠራው መክተቻ በዚሁ አገር ነው። በስተሰሜን ምዕራብ የሚታየው የአምባሰል ተራራ ስሙን ለአንዱ የዜማ ቅኝት ሰጥቷል፤ ባቲም እንዲሁ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ከዚህ ምድር ስም የወሰዱ መሆናቸውን ፔዳል ላይ ሆኖ ማስታወስ ጉልበት ይሰጣል።

ከዚያ ወደ ሐይቅ የሚወርደው መንገድ ነው። ሙሉው ቁልቁለት አይደለም፤ መሃል መሃል ትንፋሽ የሚያስቆርጥ ዳገት አለው። ሲወርዱ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ጨብጦ መሄድ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱ ከመነዳሪው ውስጥ ያለውን አየር ያስፋፋዋል፣ ልጣፊም ካለ ማስቲሹን ያላቅቀዋል፤ ጎማው ድንገት ይፈነዳል። ዘዴው ይህ ነው፦ ከጥምዝምዙ በፊት በሁለቱም ፍሬን በደንብ ቀንሱ፣ ጥምዝምዙ ውስጥ ልቀቁ፣ ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ ቀንሱ። ክብደታችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። በየአስር ደቂቃው ቆማችሁ ቸርኬውን በእጅ ጀርባ ዳብሱት፤ የሚያቃጥል ከሆነ አምስት ደቂቃ አሳርፉት። ውሃ አታፍሱበት። አንዳንዱ የኋላውን ፍሬን ብቻ ይጠቀማል፤ የኋላ ጎማ ብቻ ሲያዝ ይንሸራተታል፣ የማቆም ጉልበቱም ከፊተኛው ያነሰ ነው። ፊተኛውን መፍራት አያስፈልግም፤ በድንገት አለመጨበጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከብት፣ አህያና ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች በመንገዱ ላይ አሉ፤ ደወል ያለው ብስክሌት ይመረጥ።

ሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ይወርዳል። ሐይቁ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ውሃው ግን አሳ ያኖራል፣ መሬት ያጠጣል። ከበላዩ በስተደቡብ ምሥራቅ አርድቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ ትርፍ ውሃው ወደዚህኛው ይወርዳል። በሁለተኛው ቀን ጉልበት ያለው አርድቦን ደርሶ ይመለስ። የአካባቢው ሰው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚያወራው አለ፦ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት ግፍ ተፈጸመባት፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ውሃ አደረገው። የተረፈችው መሬት ገዳሙ ያለበት ነው ይላሉ።

ያ መሬት በእርግጥም ደሴት ነበር። በ1510ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በደሴት ላይ ያለ ገዳም ብሎ ጽፎታል። ዛሬ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል፤ ብስክሌቱን በር ላይ ትቶ መግባት ነው። ታንኳ ለሽርሽር እንጂ ለገዳሙ አያስፈልግም፤ ይህን የማያውቅ እንግዳ «ወደ ደሴቱ» ተብሎ የማያስፈልገውን የታንኳ ሂሳብ ሊከፍል ይችላል።

ገዳሙን ትውፊቱ ወደ 9ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። ስሙን ያገነነው ግን አቡነ ኢየሱስ ሞአ ነው። በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር መንኩሶ፣ በ1240 ዓ.ም ገደማ ወደ ሐይቅ መጥቶ አርባ ዓመት ከዚያም በላይ መራው። መጻሕፍት የሚጻፉበት፣ ደቀ መዝሙር የሚወጣበት ቤት አደረገው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም የመሠረቱት፣ እዚህ ከእርሱ ሥር ተምረዋል። የደብረ ዳሞን ሥርዓት ወደ ሸዋ ያሻገረው መንገድ በዚህ ሐይቅ በኩል ያለፈ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የሲራራ መንገድ ጨው ብቻ አልተሸከመም። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም ገደማ ዙፋኑን ሲይዝ የሐይቁ አባት እንደረዳው ትውፊቱ ይናገራል። የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የሚለውን ማዕረግ ያዘ፤ ይህ ማዕረግ በቀጣዮቹ ክፍለ ዘመናት በቤተ መንግሥቱ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ። በ1273 ዓ.ም ገደማ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጠው ወንጌል የእርሱ ሥዕል ያለበት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ጊዜያቸው በትክክል ከሚታወቅ ጥንታዊ መጻሕፍት አንዱ ነው። ልታዩት ብትፈልጉ በትሕትና ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ አትጫኑ።

በ1524 ዓ.ም የኢማም አሕመድ ሠራዊት እዚህ ደረሰ። የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ሠራዊቱ ወደ ደሴቱ ለመሻገር ታንኳ እንዳሠራ፣ መነኮሳቱም ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ንብረቱን እንዳስረከቡ ጽፏል። ይህንን ከገዳሙ ዳር ቆሞ፣ ውሃውን እያዩ መስማት ከመጽሐፍ ከማንበብ ይለያል። የውሃው ርቀት ያኔ መከላከያቸው እንደነበር ዓይን ይመሰክራል።

ሥርዓቱን ማወቅ ግድ ነው። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች አይገቡም። ወንድና ሴት ተቀላቅለው ለሚሄዱ ይህን ደሴ ላይ ሳይሆን በር ላይ የሚናገር አስጎብኚ ከባድ ጥፋት አጥፍቷል፤ ሴቶቹ ያን ጊዜ ሐይቁ ዳር የሚያዩትን ቀድሞ ማሰናዳት ሥራው ነበር። ብስክሌተኛ አጭር ቁምጣ ለብሶ ይመጣል፤ ገዳም በቁምጣ አይገባም። ሱሪና ነጠላ በከረጢት ይያዝ፣ ጫማ ይወለቅ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቅ። በዓሉ ጥቅምት 17 እና ጥር 1 የእስጢፋኖስ፣ ኅዳር 26 የኢየሱስ ሞአ ነው። በበዓል ቀን ድባቡ ልዩ ነው፤ ብስክሌት ግን ከሰው መሃል አያልፍም፣ ስለዚህ በዋዜማው መድረስ ይሻላል።

ምግቡን በአጭሩ። ሐይቁ ዳር ቆረሶ ይጠበሳል፤ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ወይም ጉላሽ ሆኖ ይቀርባል። ትኩስ ከሆነ አይኑ ጥርት ያለ፣ ጉንጩ ውስጡ ቀይ ይሆናል፤ ሳይጠበስ አሳዩን ማለት ነውር አይደለም። ወደ አቀበቱ ከመመለስ በፊት ከባድ ምሳ ግን አይመከርም። ከምሳ በኋላ ቡናው እስከ በረካው ከተጠጣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያው ቀን ለሚመለስ ጊዜው አይበቃም። የሁለት ቀን ጉዞ የምንመክረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በወሎ ቡና ከአቦል ላይ ተነስቶ መሄድ ባለቤቷን ያሳዝናል።

የመልሱ አቀበት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል። ከማለዳው 12 ሰዓት ተነስቶ በትንሹ ማርሽ፣ ከኮርቻ ሳይነሱ፣ በእኩል እርግጫ መሄድ ነው። ሰው የሚደክመው በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ስለሚቸኩል ነው። ማርሽ አቀበቱ ከመክበዱ በፊት ይቀየር፤ ከተጫነ በኋላ ሲቀየር ካቴናው ይወድቃል ወይም ይበጠሳል። ያልቻለ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ይጭነዋል። ሲጫን የፊት ጎማው ይፈታ፣ የካቴናው ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ ገመዱ የሚታሰረው ቱቦው ላይ እንጂ ራጂው ላይ አይሁን። ሂሳቡን ሳይጫን ተስማሙ፤ ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ የሚጠየቀው ሁልጊዜ ይበልጣል።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው፤ ጠዋት ግን ይበርዳል፣ ጓንት ይያዝ። በወሎ በልግም ይዘንባል፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አቋራጮቹን አትመኑ። ክረምት ሐምሌና ነሐሴ አስፋልቱ ራሱ ያንሸራትታል፣ ጭጋጉም ይዘጋል። የመንገዱን ጸጥታ ሁኔታ ደግሞ በተነሱበት ማለዳ፣ ከዚያው ከሚመጡ ሾፌሮች መጠየቅ የግድ ነው፤ ትናንት የተሰማ ወሬ አይበቃም።

ለአስጎብኚው የሚከፈለው በቀን ሲሆን ይሻላል። በጉዞ ከተዋዋሉት ቶሎ መጨረስ ይጠቅመዋል፤ ያን ጊዜ ቦሩ ሜዳ እንደገና ይዘለላል። ስምምነቱ ላይ የቦሩ ሜዳን አንድ ሰዓትና የገዳሙን ሁለት ሰዓት በስም አስገቡ። ለብስክሌቱ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ፍሬኑን፣ ጎማውንና ማርሹን ፎቶ አንሱ፤ ሲመልሱ በአሮጌ ጉዳት ምክንያት የሚነሳ ክርክር በዚያ ያበቃል።